ከአንድ ጣት እስከ ሁለት ጭን፦ ጡንቻን በኤም አር አይ የማየት ታሪክ

«ኤም አር አይ ታዘዘልኝ» የሚለው ነገር በየቤታችን የተለመደ ሆኗል። አባት ለወገቡ፣ ከሠራዊት የተመለሰ ልጅ ለጉልበቱ፣ እናት ለትከሻዋ ይታዘዝላቸዋል። ኩፓት ሆሊም ሄደው ፈቃዱን ይጨርሳሉ፣ ቶር ይጠብቃሉ፣ ገብተው ይወጣሉ። ስለ መሣሪያው ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አጭር ነው፤ «ጠባብ ነው፣ ደግሞ ይጮኻል»። ውጤቱ በዕብራይስጥ ይመጣል፤ ልጅ ያነበዋል፤ «ምንም የለም ይላል» ይባላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ይሁን እንጂ «ምንም የለም» ማለትና «ባየነው ቦታ ምንም የለም» ማለት አንድ አይደለም። በተለይ ጉዳዩ የጡንቻ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኤም አር አይ አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚያነሱት ፎቶ አይደለም። ምን ያህል ስፋት እንደሚታይ፣ ምን ያህል ረቂቅ ነገር እንደሚለይ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድሞ የሚወሰን ነው። የመሣሪያው ታሪክም ከሞላ ጎደል የዚህ ውሳኔ ታሪክ ነው፤ ሰፋ አድርጎ ማየት ሲፈለግ ምን እንደሚከፈል፣ ክፍያውንስ እንዴት እየቀነሱ እንደመጡ። ይህን ማወቅ ለወጣቶቻችን ትምህርት፣ ለወላጆች ደግሞ በሐኪም ፊት ጉልበት ይሆናል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጥንት ታየ፣ ሥጋ ቀረ

በ1895 መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን አገኘ። የሚስቱን እጅ አንስቶ አጥንቷንና ቀለበቷን ለዓለም አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ አጥንት መደበቂያ አጣ። ጡንቻ ግን በኤክስሬይ ላይ እንደ ቀላል ደመና ነው። ጤነኛውና የታመመው አይለይም፤ አንዱ ጡንቻ ከጎኑ ካለው አይለይም።

ይህ ቀላል ጉድለት አልነበረም። ሰውነታችን ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉት፤ ከአንድ ጎልማሳ ክብደት 40 በመቶ ገደማውም ጡንቻ ነው። ሐኪም ይህን ሁሉ የሚመረምረው በእጁ እየዳሰሰና እያስገፋ፣ በመርፌ እየለካ፣ ወይም ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ እያየ ነበር። ቁራጩ የተወሰደው ካልታመመው ቦታ ከሆነ መልሱ «ደህና ነው» ይሆናል።

በ1971 ለንደን ውስጥ የጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሲቲ መሣሪያ የመጀመሪያውን በሽተኛ አነሳ። ሲቲ ጡንቻን ከስብ መለየት ቻለ። ነገር ግን የሚሠራው በጨረር ነው፤ ሰውነትን በሰፊው ማየት ማለት ብዙ ጨረር መስጠት ነው። ጡንቻ ሲቆጣና ውሃ ሲቋጥር የሚመጣውን የመጀመሪያ ለውጥም በደንብ አያሳይም። ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

ማግኔትና ውሃ

ሌላው መንገድ የመጣው ከሆስፒታል ሳይሆን ከፊዚክስ ቤት ነው። የጡንቻ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን እምብርት ደግሞ ራሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በ1938 ኒውዮርክ ያደገው አይሁዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ኢሲዶር ራቢ፣ እነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች በትልቅ ማግኔት ውስጥ ሆነው ለተወሰነ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ እንደሚመልሱ ለካ። በ1946 ፊሊክስ ብሎክ በስታንፎርድ፣ ኤድዋርድ ፐርሰል በሃርቫርድ፣ ሳይነጋገሩ ያንኑ ነገር በፈሳሽና በጠጣር ነገር ላይ አሳዩ። ብሎክ በውሃ ነበር የሠራው፣ ፐርሰል በፓራፊን ሰም። ሁለቱም በ1952 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ በብዙ ሆስፒታል ያለው መሣሪያ 1.5 ቴስላ ጉልበት አለው። ይህ ከምድራችን ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህ ጉልበት የውሃው ሃይድሮጂን የሚመልሰው በ64 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ትንሽ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ማሽኑ አጭር የሬዲዮ ድምፅ ይልካል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከሰውነታችን ውሃ የሚመለሰውን ደካማ ድምፅ ያዳምጣል። ስለዚህ ኤም አር አይ ከካሜራ ይልቅ ወደ ሬዲዮ ይቀርባል። እንደ ኤክስሬይና እንደ ሲቲ ያለ ጨረርም የለውም።

ከጣት ወደ ደረት

ድምፁ ከየት የሰውነት ክፍል እንደመጣ ማወቅ ግን ገና አልተቻለም ነበር። በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ የአይጥ ዕጢ ሥጋ የሚሰጠው ምልክት ከጤነኛው እንደሚለይ አሳየ። በ1973 ፖል ላውተርበር ቦታውን የመለያ ዘዴ አመጣ። የማግኔቱን ጉልበት ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲጨምር ቢያደርጉት እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ የሬዲዮ ቁጥር ይኖረዋል፤ ቁጥሩን የሰማ ቦታውን ያውቃል። የመጀመሪያ ሥዕሉ ውሃ የያዙ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩ። ጽሑፉን «ኔቸር» የተባለው መጽሔት በመጀመሪያ መልሶበት ነበር፤ ተከራክሮ ነው ያስወጣው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ እየሰፋ የሄደ መስኮት ነው። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ውስጥ የፒተር ማንስፊልድ ቡድን በ1977 የሰው ጣት ምስል አወጣ። ለምን ጣት? መሣሪያው ውስጥ የሚገባው ጣት ብቻ ስለነበረ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 3 ቀን ዳማዲያን የአንድ ባልደረባውን ደረት አነሳ። 106 ነጥቦችን አንድ በአንድ ለማንበብ አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የወጣው ምስል ሻካራ ነበር፤ የሰው ደረት መሆኑን ለማወቅ ራሱ ቀና ልብ ይጠይቃል። በ1978 ማንስፊልድ ራሱ ማሽኑ ውስጥ ቆሞ ሆዱን አስነሳ። በነሐሴ 1980 ደግሞ ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ በጆን ማላርድ የሚመራ ቡድን፣ ሙሉ አካል በሚያስገባ መሣሪያ የአንድ በሽተኛን ለሐኪም የሚጠቅም ምስል አወጣ። ቦታን በመስመር በመስመር የሚጽፈው የእነሱ ዘዴ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ይኖራል።

በ2003 ላውተርበርና ማንስፊልድ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ዳማዲያን ተዘለለ። በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ገዝቶ ተቃውሞውን እስከማውጣት ደርሷል። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

ከቱቦ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሙሉ ሰው። መስኮቱ በሰፋ ቁጥር ግን ወይ ጊዜ ይረዝማል ወይ ምስሉ ይደበዝዛል። ዛሬም ባለሙያው ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

ምጣዱ ሲሰፋ

እናቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሊጡ ያው ነው፤ ምጣዱ ሲሰፋ እንጀራው ይሳሳል። ኤም አር አይ ላይም እንዲሁ ነው፤ እስቲ በቁጥር እንየው።

ጉልበት ሲነሳ መስኮቱ ጠባብ ይደረጋል፤ 16 ሴንቲ ሜትር እንበል። ይህ በ320 መስመር ሲከፈል እያንዳንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትሆናለች። እንደ ዳቦ የሚቆረጠው ቁራሽ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። እንዲህ ያለ ምስል የተቀደደ ሜኒስከስ ለማየት ተስማሚ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለቱን ጭኖች አንድ ላይ ማየት ፈለግን እንበል። መስኮቱ 48 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። መስመሩ ያው 320 ከሆነ ነጥቧ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ቁራሹ 8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በመሐል 2 ሚሊ ሜትር ይዘለላል። እንዲህ ሲሆን 40 ቁራሽ ከዳሌ እስከ ጉልበት 40 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ትንሽ የጅማት ቅዳድ በዚህ ምስል ላይ አይታይም። የትኛው ጡንቻ እንደከሳ፣ የትኛው ወደ ስብ እንደተለወጠ፣ ቀኝና ግራው እኩል መሆኑን ግን በአንድ እይታ ያሳያል።

«ታዲያ ለምን ሁለቱንም አያደርጉም? ሰፊም ረቂቅም?» ሊባል ይችላል። ጭኖቹን በጉልበቱ ዓይነት ርቀት ለማንሳት 320 የነበረው መስመር 960 ይሆናል፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱን ጊዜ ስለሚወስድ ጊዜው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቁራሾቹም ከ40 ወደ 130 ከፍ ይላሉ። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። በመጀመሪያው የጭን ምስል አንዷ ነጥብ 18 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ሥጋ ትይዛለች፤ በጉልበቱ ምስል አንድ እንኳ አትሞላም፤ 0.75 ናት። 24 ጊዜ ያነሰ ሥጋ ማለት 24 ጊዜ ያነሰ ድምፅ ማለት ነው። ድምፁ ሲያንስ በጫጫታ ይዋጣል። ጫጫታውን ለማሸነፍ ደጋግሞ ማዳመጥ ይቻላል፤ ግን ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ይነቃነቃል፤ ከተነቃነቀ ደግሞ የተለፋበት ርቀት ሁሉ ደብዝዞ ይቀራል።

መስኮቱን ከሰውነት አጥብቦ መተውም አይቻልም። ከመስኮቱ ውጭ የቀረው ሥጋ ዝም አይልም፤ ምስሉ ላይ ታጥፎ በተቃራኒው ጎን ይታተማል። የአንዱ ጭን ጫፍ በሌላው ላይ ሲወድቅ የሌለ በሽታ ያለ ይመስላል።

መፍትሔው የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ድምፁን የሚቀበለው ጥቅል ሽቦ፣ ባለሙያዎቹ ኮይል የሚሉት፣ ትንሽ ሲሆንና ገላን ሲነካ ጥሩ ይሰማል፤ ግን የሚሰማው ቅርቡን ብቻ ነው። ትልቁ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይሰማል፣ ከነጫጫታው። በ1990 ፒተር ሮመርና ባልደረቦቹ ብዙ ትንንሽ ኮይሎችን አሰልፈው እያንዳንዱ የራሱን ሠፈር እንዲያዳምጥ አደረጉ። በ1997 እና በ1999 የወጡ ሌሎች ዘዴዎች፣ ኮይሎቹ ሥራ ስለሚከፋፈሉ ጥቂት መስመር ብቻ እየጻፉ ምስሉን መሙላት እንደሚቻል አሳዩ። ጊዜው አጠረ።

አልጋውም መንቀሳቀስ ተማረ። የማግኔቱ ጉልበት እኩል የሚሆነው መሐሉ ላይ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ነው፤ ከዚያ ውጭ ምስል ይጣመማል። ስለዚህ ረጅም አካል በየጣቢያው ይነሳል። ዳሌ፣ ጭን፣ ባት እየተባለ አልጋው ይገፋል፤ ክፍሎቹ በኋላ በኮምፒውተር ይሰፋሉ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ሳይነሳ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ማየት የተለመደ ሥራ ሆነ።

ስብና ውሃን መለየት

ስፋት ብቻውን አይበቃም። ጡንቻ ሲታመም ሁለት ነገር ይደርስበታል። መጀመሪያ ሊቆጣና ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሊታከም የሚችል ደረጃ ነው። ቆይቶ ደግሞ ጡንቻው ይሞትና ቦታውን ስብ ይይዘዋል፤ ይህ አይመለስም። ሐኪም የሚፈልገው ሁለቱን መለየት ነው።

ቲ 1 በሚባለው አነሳስ ስብ ነጭ፣ ጡንቻ ግራጫ ይሆናል። ጡንቻው ምን ያህል ወደ ስብ እንደተለወጠ እዚህ ይታያል። ውሃውን ለማየት ግን ነጩን ስብ ማጥፋት ያስፈልጋል። በ1984 ቶማስ ዲክሰን የስብና የውሃ ሃይድሮጂን በጥቂቱ የተለያየ የሬዲዮ ቁጥር እንዳላቸው ተጠቅሞ ሁለቱን ለየብቻ የሚያወጣ ዘዴ አሳተመ። በ1985 ለንደን ውስጥ ግሬም ቢደርና ኢያን ያንግ ስቲር የተባለውን አነሳስ አስተዋወቁ። ስቲር የስቡ ድምፅ ዜሮ የሚሆንበትን ቅጽበት ጠብቆ ያኔ ያነሳል፤ በ1.5 ቴስላ ይህ ወደ 160 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ስቡ ይጠቁራል፣ የቋጠረው ውሃ ያበራል።

ለሰፊ ቦታ ምርጫው ዋጋ አለው። ስብን በሬዲዮ ቁጥሩ ብቻ የሚያጠፋው የተለመደ ዘዴ ማግኔቱ እኩል ካልሆነ ይሳሳታል፤ በሰፊ መስኮት ዳር ላይ ያልጠፋ ስብ እንደ በሽታ ያበራል። ስቲርና ዲክሰን ይህን የተሻለ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሁለት ጭን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት። ዲክሰን ደግሞ በጡንቻው ውስጥ ስንት በመቶ ስብ እንዳለ ይቆጥራል፤ ከዓመት ዓመት ለማወዳደር ይመቻል።

እዚሁ አገር የሆነው

ይህ ታሪክ ከእስራኤል ሩቅ አይደለም። በ1969 ሃይፋ የተመሠረተው ኤልሲንት የተባለ ኩባንያ በ1980ዎቹ የራሱን የኤም አር አይ መሣሪያ እየሠራ ለዓለም ይሸጥ ነበር። በ1998 የምስል ሥራው ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጠ።

ከመሣሪያው ይበልጥ የሚመለከተን ግን የሕሙማኑ ታሪክ ነው። በ1984 የኢየሩሳሌሙ የነርቭ ሐኪም ዞሃር አርጎቭ ከባልደረባ ጋር ሆኖ ከኢራን በመጡ አይሁዶች ላይ የታየ ልዩ የጡንቻ በሽታ ጻፈ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በ20ዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። መጀመሪያ የእግር ጫፍ አልነሳ ይላል፤ ሰውየው ይደናቀፋል። ቀስ በቀስ ሌሎች የእግር ጡንቻዎች ይደክማሉ። የሚገርመው የጭን ፊት ጡንቻ ሌሎቹ ሲጠፉ እንኳ ለረጅም ጊዜ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ሰፊ የጭን ምስል ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የኋላው ነጭ ስብ፣ የፊቱ ግራጫ ጤነኛ ጡንቻ። የጭን ፊት ብቻ በጠባብ መስኮት ቢነሳ ግን «ምንም የለም» ነው መልሱ።

በ2001 በሐዳሳ ስቴላ ሚትራኒ-ሮዘንባውም የመሩት ቡድን የበሽታውን ጂን አገኘ፤ ጂ ኤን ኢ ይባላል። በኢራን አይሁዶች መካከል ከ1,500 ሰው አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል። በ2000 ደግሞ አርጎቭና ባልደረቦቹ ከሊቢያ በመጡ አይሁዶች ላይ በዲስፈርሊን ጉድለት የሚመጣ ሌላ የጡንቻ በሽታ ገለጹ። ይህኛው ብዙ ጊዜ በባት ላይ ይጀምራል፤ በዓለም ዙሪያ ከጡንቻ ቁጣ ጋር እየተምታታ በከንቱ ስቴሮይድ የተሰጣቸው ሕሙማን አሉ።

ለጂ ኤን ኢ የተሞከረ መድኃኒት በ2017 የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም። ቢሆንም ስሙን ማወቅ ራሱ ጥቅም ነበረው። የማይሠራ መድኃኒት ይቀራል፣ እግርን የሚደግፍ መሣሪያ በጊዜ ይሰጣል፣ ለሚጋቡ ወጣቶች የዘር ምክር ይገኛል። ይህ ሁሉ የመጣው ቤተሰቦች «ሰነፍ ነው» ብለው ልጃቸውን ሳይደብቁ ሐኪም ፊት ስላቀረቡ ነው።

ሁለቱም በሽታዎች የሚወጡት ከእናትም ከአባትም የተበላሸው ጂን ሲወረስ ነው። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቻችን ሰባት ትውልድ ቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚከለክሉበትን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። ሥርዓቱ እያንዳንዱን በሽታ ያጠፋል ማለት አይደለም። አደጋውን ይቀንሳል፤ ደግሞም የዘር ሐኪም «በቤተሰብ ማን እንዲህ ነበረ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ያ ሰባት ቤት የሚቆጥር አያት ነው።

ለእኛ ቤት

ባርዚላይም ሆነ ሌላ ቦታ ብንላክ ባለሙያው መስኮቱን የሚያስተካክለው በትዕዛዙ ወረቀት ላይ በተጻፈው መሠረት ነው። «ጉልበት» ከተባለ ጉልበት ያነሳል፤ ጥፋት የለበትም። ስለዚህ ሥራው ከሐኪሙ ክፍል ይጀምራል። «እግሬን ያመኛል» ብቻ አይበቃም። ደረጃ መውጣት ነው ያቃተው ወይስ ከመሬት መነሳት? አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም? ሕመም አለው ወይስ ድካም ብቻ? መቼ ጀመረ? ዘመድ ውስጥ አለ? እነዚህ መልሶች ናቸው ጠባቡን መስኮት ወደ ሰፊው የሚቀይሩት። ይህን በአማርኛ ለመናገር የሚቀለው ወላጅ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ የ12 ዓመት ልጅ ላይ አንጣለው።

ከመግባት በፊት ብረት ሁሉ ይወልቃል፤ ጉትቻ፣ የአንገት ጌጥ፣ በብረት የታሸገ ክታብ፣ የፀጉር ማስያዣ። ልብ ማስተካከያ ያለው፣ በሠራዊት ወይም በሮኬት ጊዜ ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ የቀረበት ሰው ሳይናገር ፈጽሞ አይግባ። ንቅሳት ያላቸው እናቶችም ይንገሩ፤ አንዳንድ ቀለም ብረት ስላለው ሊሞቅ ይችላል።

ጩኸቱ ደግሞ አያስፈራችሁ። ቦታ የሚለዩት ሽቦዎች በማግኔቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ የሚያሰሙት ነው፤ በጮኸ ቁጥር የምስላችሁ መስመሮች እየተጻፉ ነው። ጭኑ ሰፊ ስለሆነ፣ አልጋውም ከጣቢያ ጣቢያ ስለሚሄድ ጊዜው ይረዝማል። እግርን ሳያንቀሳቅሱ መቆየት ከበሽተኛው የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ውሃ የሽንት ፍላጎት ከመግባት በፊት ይጠናቀቅ።

ውጤቱ ሲመጣና «ምንም የለም» ሲል፣ ድካሙ ግን ከቀጠለ፣ «የታየው የትኛው ክፍል ነው? ሙሉ ጭንና ባት መታየት አለበት ወይ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ «አያስፈልግም» ይሆናል፤ ምክንያቱን ያስረዷችኋል። አንዳንዴ ደግሞ ያ ጥያቄ አንድ ወጣት ለዓመታት «ሰነፍ» ከመባል ያድነዋል።

ለሁላችንም ጤና ይስጠን።